የካርድ መክፈቻ ቪዲዮዎች ልጆቻችንን በምን ያዟቸው? (የባሕር ዳር ልጆች፣ እስቲ ኑ)

የፋሲሎዋ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ናችሁ የዚህ ቤት ሰዎች። ታናሽ ወንድሜ 7ኛ ክፍል ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ወርውሮ ስልኬን ይነጥቀኛል። ኳስ ሊያይ እንዳይመስላችሁ። ፈረንጆች የፖኬሞን ካርድ (የካርቱን ፍጥረታት ሥዕል ያለበት፣ የሚሰበሰብና የሚጫወቱበት ካርድ ነው፤ እሽጉ ውስጥ የትኛው እንዳለ ሳይከፈት አይታወቅም) እሽግ ሲቀድዱ ነው የሚያየው። ይቀድዳሉ፣ ይጮሃሉ፣ ደግሞ ሌላ ይቀድዳሉ። በቃ።

ሰሞኑን አሜሪካ ላለው አጎታችን በድምፅ መልእክት «አንድ ሳጥን ላክልኝ» ብሎታል። መልእክቱን ስሰማው ከጥያቄው በላይ አነጋገሩ ገረመኝ። «አጎቴ፣ ይሄ እትም ሊያልቅ ነው፤ ከዚህ በኋላ አይታተምም፤ ዛሬ ካልተገዛ ዋጋው ይሰቀላል» ይላል። የ13 ዓመት ልጅ የደላላ አፍ ከየት አመጣ? እናቴ ሽሮ ስታቀርብ ደግሞ የድስቱን ክዳን ቀስ አድርጎ ገለጥ ያደርግና «ኖ ዌይ!» ብሎ ይጮሃል። ቤቱ በሳቅ ነው።

አጠገቡ ቁጭ ብዬ አብሬው አየሁ። የሰውየው ፊት አይታይም። ጥቁር ጨርቅ የተነጠፈበት ጠረጴዛ አለ፣ ካሜራው ከላይ ነው፣ የሚታየው ሁለት እጅ ብቻ ነው። እሽጉን ማይኩ አጠገብ ያንኮሻኩሸዋል። ከቀደደው በኋላ ካርዶቹን ከኋላ ወደ ፊት ያዛውራል፣ ደህናዋ መጨረሻ ላይ እንድትቀር። ተራዎቹን ጣል ጣል ያደርጋል። የመጨረሻዋን ግን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ከጠርዟ በኩል በስሱ በስሱ ነው የሚገልጣት። የካርዱን ስም እንኳ የማላውቀው ሴትዮ ትንፋሼን ይዤ ቀረሁ!

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እነዚህ ሰዎች ምን እያደረጉን ነው? ልጁን ሳላስቀይም ምን ልበለው? ቪዲዮ የምትሠሩም ካርድ የምታውቁም ካላችሁ አስረዱኝ።

ቅንብር ዘ ፔዳ | ማታ 2፡31

እህቴ፣ የኔ እንጀራ ቪዲዮ መቁረጥ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በኩል ልንገርሽ።

ወንድምሽ ያየው የ20 ደቂቃ ቪዲዮ በ20 ደቂቃ አልተቀረጸም። መጀመሪያ ከጠቅላላው ቀረጻ ምርጧ ጩኸት ተቆርጣ ፊት ላይ ትለጠፋለች። ካርዷ ልትታይ ስትል ይቋረጥና «ሰላም ጓደኞቼ» ይመጣል። እሷን እስክታይ ድረስ አትሄጂም። ቀጥሎ ድምፁ አለ። የፕላስቲኩ መቀደድ ለብቻው ከፍ ይደረጋል። ካርዷ ከመገለጧ በፊት ሙዚቃው ጥፍት ይላል። ድምፅ ሲጠፋ ሰው ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ይተክላል፤ ይሄን ማንም የኛ ሙያ ሰው ያውቀዋል።

ምንም ያልወጣባቸው እሽጎች ደግሞ ወይ በፍጥነት ያልፋሉ ወይ ጭራሽ ይወጣሉ። ውሸት አይባልም፤ የሚያሰለቸውን መጣል ሥራችን ነው። ግን ልጁ ጭንቅላት ውስጥ የሚቀረው የዕድል መጠን ሌላ ይሆናል።

አሁን ደግሞ የስክሪኑን ጥግ እዪው። ጥሩ ካርድ ሲወጣ ዋጋው በአረንጓዴ ይጻፋል፣ የሳንቲም ድምፅም አለው። የእሽጉ መግዣ ዋጋ በቀይ ተጽፎ አይተሽ ታውቂያለሽ? ከስንት አንዱ ነው የሚያደርገው።

ዋናው ነገር ግን እዚህ ላይ ነው። ለሰውየው እሽጉ የማምረቻ ወጪ ነው፤ እኔ ለመብራትና ለባትሪ እንደማወጣው። ገቢው ከማስታወቂያ፣ ከስፖንሰር፣ ሥር ካለው ሊንክ ኮሚሽን ነው። እሽጉ ባዶ ቢወጣም ቪዲዮው ተሠርቷል፣ ታይቷል፣ ተከፍሎታል። ባዶ ሲወጣ የሚከስረው ቤቱ ቁጭ ብሎ አይቶ የገዛው ልጅ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት እሽግ ይዘው አንድ ዓይነት ጨዋታ እየተጫወቱ አይደለም።

ሽምብጥ 014 | ማታ 2፡40

ኧረ በፈጣሪ! እዚህ ካርዱ የለ፣ ዶላሩ የለ። ልጁ ዝም ብሎ ይይ ተዉት። የሚያልቀው የኢንተርኔት ፓኬጅ ነው።

የፋሲሎዋ | ማታ 2፡44

ካርዱ የለም ያለህ ማነው? ገበያ ውረድና እይ፤ ወርቃማ እሽግ ከእርሳስና ከደብተር ጋር ተደርድሮልሃል።

ባለሱቁ ግሽ ዓባይ | ማታ 3፡05

ልጄ እውነቷን ነው። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ፤ ከእስክሪብቶ እኩል ይጠየቃል። እኔ ኦሪጅናል ነው ብዬ አልሸጥም፤ «ማጫወቻ ነው» ብዬ ነው የምሰጠው። ልጆቹ ግን አይሰሙኝም። ባንኮኒው ላይ ይቀድዱታል፣ አንዱ በስልክ ይቀርጻል፣ ሌላው ይጮሃል። ያን ሁሉ ትርኢት ከቪዲዮው ነው የቀዱት።

ለወላጆች ልንገራችሁ። እውነተኛው ካርድ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ስስ ሽፋን አለው። ከኋላው የስልክ ባትሪ ስታበሩበት ብርሃኑ በደንብ አያልፍም። የውሸቱ እንደ ደብተር ወረቀት ወለል ብሎ ያሳያል። ደግሞ በአንድ እሽግ ውስጥ ያለው ካርድ ሁሉ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። በእውነተኛው እሽግ አብዛኛው ተራ ካርድ ነው።

እኛም በልጅነታችን ከቆርኪ ሥር ሽልማት አለ እየተባልን ለስላሳ ስንጠጣ ነው ያደግነው። ግን ቆርኪው ባዶ ቢሆን እንኳ ለስላሳው ይጠጣል!

ካርድ ሰብሳቢ | ማታ 3፡20

ጋሼ አሳቁኝ። እኔ ግን ለካርዱ ልሟገት ነው የገባሁት። ውጭ በተማርኩበት ጊዜ የጀመርኩት ነው፤ አሁንም ያሉኝ ጥቂቶች በአልበም ተቀምጠዋል። ሥዕሎቹ ያምራሉ፣ ጨዋታው ራሱ ሒሳብ ያስተምራል። የፖኬሞን ካርድ ጃፓን ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ በእንግሊዝኛ በ1999 ተከተለ። ከሱ በፊት በ1993 «ማጂክ» የሚባለው የካርድ ጨዋታ ነበር። ይህን ያህል ዘመን የቆየ ነገር ዝም ብሎ ማጭበርበሪያ አይደለም።

ቪዲዮዎቹ ላይ ግን እኔም ቂም አለኝ። የዋጋ አነጋገራቸውን ልብ በሉ።

ፒኤስኤ የሚባል እ.ኤ.አ. በ1991 የተቋቋመ የአሜሪካ ድርጅት አለ። ካርዱን መርምሮ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ሰጥቶ በፕላስቲክ ያሽገዋል። 10 ያገኘው ካርድ 9 ካገኘው ብዙ ጊዜ በጣም ይወደዳል። ሰውየው ታዲያ አሁን ከእሽግ ያወጣትን፣ ማንም ያልመረመራትን ካርድ ይዞ ስክሪኑ ላይ የሚጽፈው የባለ 10ሯን ዋጋ ነው። መሐል ላይ የምርመራ ክፍያ አለ፣ የፖስታ አለ፣ የወራት ጥበቃ ሊኖር ይችላል፣ ከዚያም 8 ልታገኝ ትችላለች። እሱን አይነግራችሁም።

ሁለተኛው ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት መገበያያ ላይ ሻጭ የጠራውን ዋጋ እንደ ዋጋ ማሳየት ነው። መጥራት ማንም ይጠራል። መታየት ያለበት የተሸጠበት ነው፤ ድረ ገጹ ላይ «የተሸጡ» ብሎ መለየት ይቻላል።

ሦስተኛው ያናድደኛል። ሎጋን ፖል የሚባለው ዩቲዩበር እ.ኤ.አ. በ2021 ፒካቹ የሚባለው የፖኬሞን ፍጥረት ያለባትን አንዲት ካርድ በ5,275,000 ዶላር ገዛ፤ ጊነስ መዘገበው። ከዚያ ወዲህ የዚህች ካርድ ፎቶ ስንት የእሽግ መክፈቻ ቪዲዮ ሽፋን ላይ ተለጠፈ መሰላችሁ! ካርዷ ግን ከእሽግ ወጥታ አታውቅም፣ ልትወጣም አትችልም። እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1998 ጃፓን ውስጥ ለሥዕል ውድድር አሸናፊዎች የተሰጠች ናት። ሚሊዮን እሽግ ብትቀድ አታገኛትም። ሥራዋ ሌላ ነው። 5 ሚሊዮን የሚል ቁጥር አንዴ ጆሮህ ከገባ በኋላ የ300 ዶላር ሳጥን ርካሽ ይመስልሃል።

«ሊያልቅ ነው» ለምትለዋም፦ የፖኬሞን ኩባንያ እስከ መጋቢት 2025 ድረስ ከ75 ቢሊዮን በላይ ካርድ ማተሙን ራሱ ተናግሯል። ብርቅ የሆኑ ካርዶች አሉ። ካርድ ግን ብርቅ አይደለም።

መምህርት | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡50

እንደምን አደራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ልቦና አስተምራለሁ፤ ርእሱ ስቦኝ ነው የገባሁት።

የፋሲሎዋ ትንፋሽሽን የያዝሽበት ምክንያት የታወቀ ነው። ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው በርግቦች ላይ የሠራው ሥራ አለ። ርግቧ አንድ ቁልፍ በነካች ቁጥር ጥሬ የሚመጣ ከሆነ፣ መምጣቱ ሲቆም ቶሎ ትተወዋለች። አንዳንዴ ሲመጣ አንዳንዴ ሲቀር፣ መቼ እንደሚመጣም ሳይታወቅ ሲቀር ግን መንካቷን በቀላሉ አታቆምም። እሽጉ የተሠራው በዚህ መልክ ነው። ቪዲዮው ደግሞ አንድ ነገር ጨመረበት፤ ልጁ ሳይከፍል መንካቱን እንዲለማመድ አደረገው።

ሮበርት ቻልዲኒ የሚባል ሌላ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1984 ሰው እንዴት «እሺ» እንደሚል 6 መንገዶችን ዘርዝሯል። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ ክፍል አይደለም። «እያለቀ ነው» አንዱ ነው። «ኮመንት የጻፈ ካርድ በነጻ ይደርሰዋል» ሌላው ነው፤ የሰጠህን ሰው ሱቅ አልፈህ መሄድ ያሳፍርሃል። ኮመንቱም ራሱ ሥራ አለው። «ከሊንኩ ገዛሁ፣ ቻሪዛርድ ወጣልኝ!» (ልጆቹ ከሚመኟቸው ካርዶች አንዷ ናት) የሚለው ከላይ ተሰክቶ ታገኙታላችሁ። ምንም ያልወጣለት ሰው ግን ምን ብሎ ይጻፍ? ዝም ይላል። ዝም ያለው ስለማይቆጠር ሁሉም የወጣለት ይመስላል።

እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ወዳጅነቱ ነው። ሆርተን እና ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1956 ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ሬዲዮ ጽፈውታል። ተመልካቹ አቅራቢውን ጓደኛው አድርጎ ይይዘዋል፤ አቅራቢው ግን ተመልካቹን አያውቀውም። ልጁ ሰውየው «ዛሬ አሞኝ ነበር ግን ለእናንተ ብዬ መጣሁ» ሲለው አንጀቱ ይላወሳል። ጓደኛ ሲመክርህና ሻጭ ሲመክርህ እኩል አትጠራጠርም።

10ኛ ክፍል ነኝ | ረቡዕ፣ ቀን 10፡15

ሰላም። ትልልቅ ሰዎች ስለኛ ስትጽፉ ሁሌ እንደ ተሸወድን አድርጋችሁ ነው። እኛ ነቄ ነን። ሰውየው ብር እንደሚያገኝ እናውቃለን። እኔ እንግሊዝኛዬ የተሻሻለው በነዚህ ቻናሎች ነው። መግዛትም አልፈልግም፣ ማየት ብቻ ነው። መምህርት ያሉት ስለ ጓደኛነት ግን ትክክል ነው። እኔ ካርዱን አይደለም የምጠብቀው፣ ሰውየውን ነው። የናፈቀኝ ጊዜ አለ፤ አትሳቁ።

ሌላ ያላያችሁት ደግሞ አለ። ክፍላችን ውስጥ የካርዶቹን ስም የማያውቅ ልጅ በዕረፍት ሰዓት ብቻውን ነው የሚቆመው። ለዛ ነው የሚያየው።

መምህርት | ረቡዕ፣ ቀን 11፡02

የኔ ልጅ፣ ማንም አይስቅብህም። የመጨረሻዋን አንቀጽህን ከፈቀድክልኝ ለተማሪዎቼ አነባታለሁ።

የዘጌ ልጅ ሜሪላንድ | ሐሙስ፣ ማለዳ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የፋሲሎዋ አጎት እኔ አይደለሁም፤ ግን እኔም ዘንድ የእህቴ ልጅ እንደዚያ ያለ ድምፅ ልኳል። ቃል በቃል ያው ነው። ልጆቹ ከአንድ አፍ ነው የሚማሩት ማለት ነው።

እዚህ ያየሁትን ላውጋችሁ። ኮቪድ ጊዜ ሰው ሁሉ ቤቱ ተዘግቶ ቪዲዮ ያያል። ቪዲዮው «መደርደሪያው ባዶ ነው፣ ያገኛችሁትን ያዙ» ይላል። ሰው ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ይሰለፋል፣ ያገኘውን ይጠርጋል። መደርደሪያው የምር ባዶ ይሆናል። በማግስቱ ያው ሰውዬ ባዶውን መደርደሪያ ቀርጾ «አላልኳችሁም?» ይላል። ነገሩ እንዲህ ይሽከረከራል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ዊስኮንሲን ውስጥ ታርጌት የሚባለው ትልቅ መደብር መኪና ማቆሚያ ላይ በካርድ የተነሳ ሽጉጥ የተመዘዘበት ጠብ ሆነ። ድርጅቱ ለጊዜው ፖኬሞንና የስፖርት ካርድ በሱቆቹ መሸጥ አቆመ። ለወረቀት!

ከዚያስ? ኩባንያው ደጋግሞ አተመ።

የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ጋራዡ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የተገዛ የቤዝቦል ካርድ በካርቶን በካርቶን አለው። ያኔም «ለልጆችህ ኮሌጅ መክፈያ ይሆናል» ተብሎ ነው የተገዛው። ሁሉም ገዛ፣ ሁሉም ደበቀ፣ አታሚዎቹም ያለ ልክ አተሙ። ዛሬ ብዙው የሚፈልገው የለም። በነሐሴ 2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚኪ ማንትል ካርድ የ1952 ነው፤ ያን ጊዜ ሰው ለልጅ መጫወቻ ብሎ ይገዛ ነበር እንጂ ለሀብት ብሎ አላስቀመጠውም።

ስለ ሎጋን ፖል የተነሳውንም ልጨምር። በ3.5 ሚሊዮን ዶላር የመጀመሪያ እትም ፖኬሞን ነው ተብሎ የገዛው ሣጥን በጥር 2022 ሲከፈት ውስጡ ጂ.አይ. ጆ የሚባሉት የአሻንጉሊት ወታደሮች ካርድ ሆኖ ተገኘ። መጭበርበሩም ራሱ ቪዲዮ ሆኖ ወጣ። ቅንብር ዘ ፔዳ ያልከው ይሄው ነው፤ ውስጡ ምንም ይውጣ ምን ቪዲዮው ይሠራል።

እዚህ ሕግ አለ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ፣ ተከፍሎት ወይም ዕቃ በነጻ ተሰጥቶት የሚያስተዋውቅ ሰው ይህን በግልጽ ይናገር ይላል። ቪዲዮ ከሆነ ቪዲዮው ውስጥ ይነገር እንጂ ሥር ባለው ጽሑፍ ውስጥ ብቻ አይደበቅ ብሎም መክሯል። የሚያደርጉት አሉ። ብዙዎቹ ግን ቶሎ ብለው ነው የሚያልፏት፣ እንደ መድኃኒት ማስታወቂያ።

ሽምብጥ 014 | ሐሙስ፣ ማታ 1፡30

እሺ፣ ተመልሼ መጣሁ። ትናንት ማታ ቲክቶክ ላይ አንድ በአማርኛ የሚሸጥ ላይቭ ገጠመኝ። ካርድ አይደለም፣ «ሚስጥር ሳጥን» ነው። ብር በቴሌብር ትልካለህ፣ ስምህን ጠርቶ ይከፍትልሃል። «ሦስት ሰው ብቻ ቀረ! ሁለት! ወንድሜ ፈጠን በል፣ ቤተሰብ ናችሁ እኮ!» ይላል። ሳጥኑን ማይኩ ላይ ያንኮሻኩሻል። ክዳኑን በስሱ ይገልጣል። እዚህ ያላችሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አደረገልኝ። ለአንዱ ስልክ ወጣለት፣ ያ ባለ ስልክ ደግሞ ቅድም ኮመንት ላይ «እኔ አምናለሁ» ሲል የነበረው ነው። ሌላው ሁሉ የጆሮ ማዳመጫና ቁልፍ መያዣ።

ካርድ ሰብሳቢ | ሐሙስ፣ ማታ 1፡41

የፈረንጆቹም ላይቭ እንደዚሁ ነው። አንድ ሳጥን ላይ ብዙ ሰው ቦታ ይገዛል። ሰዓት ይቆጥራል፣ ስም ይጠራል፣ የዘገየ ቀረ። እዚያ ደግሞ መቁረጥ እንኳ የለም፤ ማሰቢያ ጊዜ ነው የሚቆረጠው።

የፋሲሎዋ | ዓርብ፣ ማታ 2፡05

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለወንድሜ ስብከት አላበዛሁበትም። ቅንብር ዘ ፔዳ ያለውን ብቻ ነገርኩትና «እስቲ የተቆረጠበትን ቦታ አግኝ» አልኩት።

ጉድ ነው የሠራው! ሰውየው መጀመሪያ እሽግ ሲቀድ ግራ አውራ ጣቱ ላይ ፕላስተር አለ። ትንሽ ቆይቶ የለም። ቻሪዛርዷ ስትወጣ ፕላስተሩ ተመልሷል። ልጁ ወደ ኋላ እየመለሰ ሦስታችንንም ጠርቶ አሳየን፤ እናቴ ሳትቀር መነጽሯን አድርጋ አየች። «ይሄ ሰውዬ በአንድ ቀን አልቀደደውም! ስንት ቀን ቀድዶ ነው?» አለ። አሁን ቪዲዮ የሚያየው ፕላስተር ፍለጋ ነው። ማየቱን አልተወም፤ እንደውም ባሰበት።

አጎቴም መልስ ልኳል። ሳጥን አይልክም፣ አንድ እሽግ ግን ለሚመጣ ሰው ይሰጥልሃል ብሎታል። ልጁ ተደስቷል።

ቅንብር ዘ ፔዳ | ዓርብ፣ ማታ 2፡12

ሃሃሃ! ያንን ልጅ ክረምት ላይ ላኪልኝ፣ እቀጥረዋለሁ። ፕላስተር፣ ሰዓት፣ የጥፍር ርዝመት፣ የመስኮት ብርሃን፤ እኛን የሚያጋልጡን እነዚህ ናቸው። ጥላው ወዴት እንደወደቀም ይይ በይው። ጠዋት ቀኝ ከነበረ ከሰዓት ግራ ነው።

10ኛ ክፍል ነኝ | ዓርብ፣ ማታ 2፡30

የፋሲሎዋ፣ ወንድምሽ የሚቀያየረው ካርድ ካለው እኛ አራት ልጆች አለን። ቅዳሜ ጣና ዳር መገናኘት እንችላለን።

ካርድ ሰብሳቢ | ዓርብ፣ ማታ 2፡38

እኔም እመጣለሁ፣ አጨዋወቱን አሳያችኋለሁ። ብዙዎቹ ልጆች ካርድ ሲቀደድ እንጂ ሲጫወቱበት አይተው አያውቁም። አንድ ነገር ብቻ፦ ዋጋ አይጠራም። መቀያየር በመውደድ ነው።

የፋሲሎዋ | ዓርብ፣ ማታ 2፡45

ወንድሜ ያሉት ካርዶች ግን እነዚያ የገበያ ወርቃማዎቹ ናቸው። ያፍር ይሆን?

ካርድ ሰብሳቢ | ዓርብ፣ ማታ 2፡47

ለጨዋታ ምን ችግር አለው? ይዞ ይምጣ። ቁጥሮቹ ብቻ የተጋነኑ ስለሆኑ አብረን እናስተካክላቸዋለን።

ባለሱቁ ግሽ ዓባይ | ዓርብ፣ ማታ 3፡10

ልጆች፣ ጣና ዳር ነፋስ አለ፣ ካርዳችሁ ውኃ እንዳይገባ። ሱቄ የፎቶ አልበም አለ፤ ኪሱ ሰፋ ይላል እንጂ ካርድ ይይዛል። ቅዳሜ ከሰዓት እዘጋለሁ፣ የምትፈልጉ ከ6 ሰዓት በፊት ኑ።